ቀለሁ ከሜዳ፣ እሳቱ ከፋብሪካ

ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይዝ ከስብከት ሲያርፍ ወፍ ማደን ይወድ ነበር። ወፎቹ ግን ከጥይቱ ይቀድሙታል። የዘመኑ ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ ባልጩት ከብረት ይጋጫል፤ ብልጭታው በጎን ባለች ትንሽ ሳህን ላይ የተነሰነሰውን ባሩድ ይለኩሳል፤ ያ እሳት በቀዳዳ ዘልቆ በርሜሉ ውስጥ ካለው ዋና ባሩድ እስኪደርስ አንድ አፍታ ያልፋል። ወፎቹ የሳህኑን ብልጭታ አይተው በዚያች አፍታ እልም ይላሉ። ቄሱ በዚህ ሲበሳጭ ኖሮ፣ ሲመታ ብቻ በሚፈነዳ ኬሚካል የሚሠራ መተኮሻ ፈለሰፈና በ1807 የባለቤትነት መብት አወጣበት። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሽጉጥ ጥይት በቤት ውስጥ የመሙላትን ታሪክ ከአንድ ወፍ አዳኝ ቄስ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥይት አራት ነገር ነው፦ ከፊት የሚወነጨፈው አረር፣ ከኋላ የሚቀረው ቀለህ፣ በመካከል ባሩዱ፣ ከቀለሁ ግርጌ ደግሞ ሲመታ እሳት የምትተፋው ትንሽ ቆብ፣ ካፕሱል። ሰው አረሩን ከእርሳስ ያቀልጣል፤ ቀለሁን ከመሬት ይለቅማል፤ ባሩዱን ይሰፍራል። ካፕሱሏን ግን በታሪኩ ሁሉ ከፋብሪካ ከመግዛት ውጭ ምርጫ ኖሮት አያውቅም ማለት ይቻላል። የቄሱ ግኝት ወደ ትንሽ የመዳብ ቆብነት የተለወጠው በ1820ዎቹ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱን ከፋብሪካው ጋር ያሰረችው ገመድ እሷ ነች።

ሳሙኤል ኮልት በ1836 የሪቮልቨር ሽጉጡን መብት በአሜሪካ ሲያስመዘግብ ጥይት ሠርቶ መተኮስ የማንኛውም ባለ ሽጉጥ የዘወትር ሥራ ነበር። በሣጥን የሚሸጠው የኮልት ሽጉጥ የባሩድ መያዣና የአረር ማውጫ ፎርማ አብሮት ይመጣል። ባለቤቱ እርሳሱን ያቀልጣል፣ በፎርማው ያፈስሳል፣ ከሽጉጡ ከበሮ ጉድጓዶች በእያንዳንዱ ባሩድ ይጨምራል፣ አረሩን ከላዩ ይጠቀጥቃል፣ በመጨረሻም ከኋላ አንዳንድ ካፕሱል ይደፋል። ካፕሱሎቹን በቆርቆሮ ሙዳይ ከሱቅ ይገዛል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ወድዶ አይደለም፤ ሌላ መንገድ አልነበረም።

ሌላውን መንገድ በአሜሪካ በ1857 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከፈተው። ኩባንያው ሮሊን ኋይት ከሚባል ሰው ላይ፣ ከበሮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳ የማድረግን መብት በክፍያ ወስዶ፣ በመዳብ ቀለህ ተዘግቶ የሚመጣ ሙሉ ጥይት የሚጎርስ ትንሽ ሽጉጥ ለገበያ አቀረበ። በዚያ ጥይት ውስጥ እሳት ፈጣሪው ኬሚካል ያለው በቀለሁ ግርጌ ዙሪያ በታጠፈው ከንፈር ውስጥ ነው። መቺው ከንፈሩን ይጨፈልቃል፣ ጥይቱ ይተኮሳል፣ ቀለሁ ይጣላል። ምቹነቱ የሚካድ አልነበረም። ነገር ግን የተጨፈለቀ ከንፈር ዳግም አይሞላምና ተኳሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሸማች ሆነ። የኋይት መብት እስከ 1869 ስለጸና ሌሎቹ ሽጉጥ ሠሪዎች ለዓመታት ዳር ቆመው አዩ።

በ1866 ሁለት ኮሎኔሎች በሁለት የአትላንቲክ ዳርቻዎች ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጡ። ጥያቄው ካፕሱሏን ከቀለሁ ግርጌ መሐል እንዴት እናስቀምጣት የሚል ነበር። ካፕሱል ስትመታ ኬሚካሉ የሚጨፈለቅበት ጠንካራ ነገር ከሥሯ ያስፈልጋታል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተኳሾችን ያዘዘው ሃይረም በርዳን ያን ጠንካራ ነገር የቀለሁ አካል አደረገው፤ እሳቱም ግራና ቀኝ በተበሱ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ወደ ባሩዱ ያልፋል። በለንደን አጠገብ በዉልዊች የንጉሣዊው ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ቦክሰር ደግሞ ጠንካራውን ነገር ከካፕሱሏ ውስጥ ከተተውና ለእሳቱ መሐል ለመሐል አንድ ቀዳዳ ብቻ ተወለት።

ልዩነቱ ለፋብሪካ ሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለቤት ሰው ግን ሁሉ ነገር ነው። በቦክሰር ቀለህ ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ በአፉ ገብቶ በመሐሉ ቀዳዳ ያልፍና ያገለገለችውን ካፕሱል ገፍቶ ይጥላታል፤ በአንድ ግፊት ያልቃል። በበርዳን ቀለህ ግን ዘንጉ ከመሐል ያለውን ጠንካራ ነገር ይመታል፣ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል፤ ካፕሱሏን ከውጭ በመንጠቆ መፈልቀቅ ግድ ይሆናል። ዕጣ ፈንታ ሆኖ የእንግሊዛዊው ፈጠራ አሜሪካን ሲይዝ የአሜሪካዊው አውሮፓን ያዘ። በቤት ውስጥ ጥይት መሙላት በአሜሪካ የሕዝብ ልማድ የሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው የቦታ መለዋወጥ ይመስለኛል።

የቦክሰር ጥይት ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቅ ዘመቻ የተፈተነው በእኛው አገር ነው። የሰር ሮበርት ናፒየር ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት እንግሊዛውያን እግረኞቹ ይህን ጥይት የሚጎርሰውን አዲሱን የሰናድር ጠመንጃ ታጥቀው ነበር። ኤፕሪል 10 ቀን አሮጌ ሜዳ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና ጦር ይዞ ከአምባው ሲወርድ፣ በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ከሚተኩስ መሣሪያ ጋር ተገናኘ። ከኢትዮጵያውያኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲወድቁ በእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ሰው ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ መቅደላ ተሰበረ፤ ንጉሡም ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሰዉ። የሰናድር ቀለህ ከስስ የነሐስ ቅጠል የተጠቀለለ ስለነበር ዳግም ለመሙላት የሚበቃ ጽናት አልነበረውም። የቦክሰር ካፕሱል ፍሬ ያፈራው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ከአንድ ወጥ ነሐስ ተስቦ ከሚወጣ ወፍራም ቀለህ ጋር ሲጋባ ነው።

ያ የሆነው በ1870ዎቹ ነው። ኮልት በ1873 ባለ 45 ካሊበሩን የጦር ሠራዊት ሽጉጥ አወጣ፤ ዊንቸስተርም በዚያው ዓመት ታዋቂውን ጠመንጃ አቀረበ። ጥቂት ቆይቶ ኮልት የዊንቸስተሩን 44-40 ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ሠራና አንድ ገበሬ ለጠመንጃውም ለሽጉጡም አንድ ዓይነት ጥይት፣ አንድ ዓይነት መሙያ ብቻ ይዞ መኖር ቻለ። በካንሳስና በቴክሳስ ሜዳዎች ጎሽ የሚያድኑ ሰዎች ቀን የተኮሱትን ቀለህ ማታ ይሞሉ ነበር። በጋሪያቸው ላይ የእርሳስ ጥፍጥፍ፣ በርሜል ሙሉ ባሩድና ካፕሱል ይጫናል። የተተኮሰው አረርም ከወደቀው እንስሳ ሥጋ ውስጥ ተፈልጎ ተመልሶ ይቀልጣል። የሜዳው ነባር ሕዝቦች ደግሞ ቀለሁንም ባሩዱንም አግኝተው ካፕሱል ሲቸግራቸው፣ ለአሮጌ ጠመንጃ የሚሸጠውን ተራ የመዳብ ቆብ ከቀለሁ ግርጌ አመቻችተው ይተኩሱ እንደነበር የዘመኑ የአሜሪካ መኮንኖች ጽፈዋል። የሠራዊቱ የጦር መሣሪያ ክፍልም በ1880ዎቹ ወታደሮቹ ለልምምድ የተኮሱትን ቀለህ ራሳቸው እንዲሞሉ መሣሪያ ያድል ጀመር።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ለማርትሬዛ ብር መንዛሪ ጠፍቶ ነበርና፣ አሞሌ ጨው በአንድ በኩል፣ ጥይት በሌላ በኩል ዝርዝር ሆነው ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወሩ ነበር። ጥይት ከባሕር ማዶ ካልመጣ የማይገኝ ዕቃ በሆነበት አገር ዋጋውን ይዞ ቢቆይ አያስገርምም።

በአሜሪካ ግን ጆን ባርሎው የሚባል ሰው በ1884 በኮነቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ፣ አይዲያል የተባለ ድርጅት አቋቋመ። የዊንቸስተር ፋብሪካም ያኔ የሚገኘው በዚችው ከተማ ነበር፤ ሙሉ ጥይት ሻጩና ባዶ ቀለህ አስሞዪው ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው። የባርሎው ዕቃ ትልቅ ፒንሳ ይመስላል። ሁለት እጀታ፣ አንድ ማጠፊያ፤ በአንዱ ጉንጩ አሮጌዋ ካፕሱል ትወጣለች፣ በሌላው አዲሷ ትገባለች፣ ከጎን ባለው ቀዳዳ አረሩ ከቀለሁ አፍ ላይ ይጨመቃል። በአንዳንዱ ዓይነት ጫፍ ላይ የአረር ማውጫ ፎርማ አብሮ ተበጅቷል። ሁሉም ብረት ስለነበረ ጥቂት አረር እንደወጣበት እጀታው እጅ ይፈጅ ነበር፤ ሰዎች ጨርቅ ይጠቀልሉበታል። ከኪስ የሚገባ የጥይት ፋብሪካ ነው። ባርሎው ከዕቃው ጋር የመመሪያ መጽሐፍ እያሳተመ ያሰራጭ ነበር፤ ኋላ በ1925 ሊማን የተባለው የዚያው ግዛት ድርጅት አይዲያልን ሲገዛ መጽሐፉንም አብሮ ወረሰ። ዛሬም የሊማን መመሪያ ከሚነበቡት አንዱ ነው።

መመሪያ መጽሐፍ ግዴታ የሆነው በፈረንሳይ በተሠራ ሥራ ምክንያት ነው። ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ይህን በደንብ ማስረዳት አለብኝ፤ ከዚህ ወዲህ ላለው ጥንቃቄ ሁሉ መነሻው እሱ ነውና።

ከዚያ በፊት፣ በጥቁሩ ባሩድ ዘመን፣ መሳሳት ከባድ ነበር። የ45 ኮልት ቀለህ 40 ግሬን፣ ማለትም 2.6 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ ይውጣል፤ ያ ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ አረሩ ከላዩ ሲቀመጥ ይጨመቃል። አእምሮው ሌላ ቦታ የሄደ ሰው ሁለት ጊዜ ልጨምር ቢል ጠረጴዛው ላይ ይፈስበታል፤ ዕቃው ራሱ ይከለክለዋል። ጭስ አልባው ግን በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ያወጣል። ጆርጅ ሉገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያወጣው የ9 ሚሊሜትር ጥይት የሚፈልገው የአንድ ግራም ሲሶ ያህል ነው። የ45 ኮልት ቀለህ ውስጥ የሚገባው ጭስ አልባ ባሩድ ግርጌውን ሸፍኖ ይቀራል፤ እጥፉ ቢጨመርበት ቀለሁ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ አረሩም ያለ ችግር ይቀመጥበታል። ችግሩ የሚታወቀው ቃታው ሲሳብ ነው። በጥቁሩ ባሩድ መስፈሪያ አዲሱን የሰፈሩ ሰዎች ሽጉጣቸው እጃቸው ላይ ፈነዳ። በዓይን ልክ መስፈር በዚህ አበቃ፤ ሚዛን ከጠረጴዛው ላይ ወጣ።

ካፕሱሏም አስቸገረች። በመጀመሪያ በውስጧ የነበረው የሜርኩሪ ውሁድ ከጭስ አልባው ባሩድ ጋር ሲሠራ ነሐሱን እየበላ እንዲሰባበር ያደርገው ነበር። እሱን የተካው ደግሞ ቀለሁን ትቶ በርሜሉን በጨው አዛገ። ሬሚንግተን በ1920ዎቹ መገባደጃ በርሜል የማያዝግ ካፕሱል ሲያቀርብ ነው የዝገቱ ነገር የተቃለለው። ይህ ሁሉ ሲሆን የቤቱ ሰው የሚያደርገው ነገር አልነበረም፤ ፋብሪካው እስኪያስተካክል መጠበቅ ብቻ።

በ1925 በአይዳሆ የከብት እርባታ አካባቢ የሚኖር ኤልመር ኪት የሚባል ወጣት በነጻነት ቀን፣ ጁላይ 4፣ ደስታውን ሊገልጽ የኮልት 45 ሽጉጡን ወደ ላይ ተኮሰ። ራሱ የሞላውን ከባድ ጥይት ነበር የጎረሰው። የከበሮው የላይኛው ግማሽ ተገንጥሎ በረረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራውን በተወ ነበር፤ ኪት ግን የሆነውን ጽፎ አሜሪካን ራይፍልማን ለተባለው መጽሔት ላከ፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚጽፍ ደራሲም ሆኖ ቀረ። ከአደጋው የተማረው ነገር ቀላል ነው፦ ባለ 44 ካሊበሩ ጥይት ቀጠን ስለሚል የሚጎርስበት ከበሮ ግድግዳ ይወፍራል፣ የበለጠ ግፊትም ይችላል። ለ30 ዓመታት ያህል 44 ስፔሻል የተባለውን ጥይት በቤቱ ከፋብሪካው በላይ እያጠነከረ ሲሞላና ኩባንያዎቹን ሲነዘንዝ ኖረ። በ1935 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በተመሳሳይ መንገድ፣ በቤት ሞይዎች ሙከራ ላይ ተመሥርቶ 357 ማግነምን አወጣ። በ1955 መጨረሻ ደግሞ ኪት የለመነው 44 ማግነም ተወለደ። ቀለሁ ከ44 ስፔሻል በ3 ሚሊሜትር ያህል እንዲረዝም ተደረገ፤ አሮጌ ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ የኪትን የ1925 ታሪክ እንዳይደግም።

እኔ ኪትን የማየው በሁለት ዓይን ነው። ሽጉጥ እስኪፈነዳ መሞከርን የሚያስመሰግን ነገር አድርጎ የሚያወራው ብዙ ነው። የሚያስመሰግነው ግን ከፈነዳ በኋላ ያደረገው ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ነሐሱም፣ መዳቡም፣ ባሩዱም፣ ካፕሱሉም ወደ ጦሩ ሄደ። ለሲቪሉ ሱቁ ባዶ ሆነ። በዚያ ችግር ውስጥ ነው ዛሬ በየጠረጴዛው ላይ ስማቸው የሚነበብ ድርጅቶች የተወለዱት። ፍሬድ ሀንቲንግተን በ1943 በካሊፎርኒያ፣ ኦሮቪል፣ ከአባቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጓሮ አረር መጭመቂያ መሥራት ጀመረ፤ አርሲቢኤስ የተባለው ድርጅት ከዚያ ወጣ። በአይዳሆ፣ ሉዊስተን፣ ቨርነን ስፒር አረር የሚለብሰውን መዳብ ማግኘት ሲያቅተው ከተኩስ ሜዳ የተጣሉ የ22 ካሊበር ቀለሆችን እየለቀመ ልብስ አደረጋቸው። በ1857 ዳግም አይሞሉም ተብለው የተጣሉት ባለ ከንፈር ቀለሆች መሆናቸው ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ መንግሥት የተረፈውን ባሩድ የት ይድፋው? በካንሳስ ብሩስ ሆጅደን የሚባል ሰው በሕይወት ዋስትናው ላይ ተበድሮ ከዚያ ትርፍ ባሩድ ገዛ። የሚያስቀምጥበት ስላልነበረው አሮጌ የባቡር ፉርጎ ሜዳ ላይ አስተክሎ እዚያ አከማቸውና በመጽሔት ማስታወቂያ እያስነገረ በባቡር ይልክ ጀመር። ባሩዱ የጠመንጃ ባሩድ ነበር፤ ለሽጉጥ አይሆንም። ሆኖም ባሩድ ከትልቅ ኩባንያ እጅ ወጥቶ ለተራው ሰው በገፍ ሲሸጥ ገበያው ተከፈተ፣ የሽጉጡም ተከትሎ መጣ።

ካፕሱሏን የነካት የለም፤ እስከ 1951። በዚያ ዓመት የቨርነን ወንድም ዲክ ስፒር ከባልደረባው ጋር በዚያችው ሉዊስተን ሲሲአይን አቋቁሞ ካፕሱል ማምረት ጀመረ። በቤት የሚሞሉ ሰዎችን አስቦ ካፕሱል የሚሠራ ፋብሪካ ማግኘት ትልቅ ነገር ነበር። ወደዚህ ስም እመለሳለሁ።

ለጀማሪው በሩን የከፈተው ግን ሪቻርድ ሊ ነው። በዊስኮንሲን ቤቱ ከነበረ የእጅ ሥራ ክፍል በ1958 የጀመረው ዕቃ፣ መጀመሪያ ለአደን ጠመንጃ፣ ቀጥሎ ለጠመንጃና ለሽጉጥ፣ ፕሬስም (ቀለሁን በእጀታ የሚጫነውን ማሽን) ጠረጴዛም የማይጠይቅ ነበር። ዋጋው ያኔ ከ10 ዶላር የማይበልጥ ትንሽ ሣጥን፤ ውስጡ ጥቂት የብረት ቁራጮችና ማንኪያ መሳይ መስፈሪያ። ተኳሹ ቀለሁን ከብረቱ ቀለበት ውስጥ አስገብቶ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ ይመታዋል፤ ካፕሱሏንም እንዲሁ እየመታ ያስገባታል። አልፎ አልፎ ካፕሱሏ ቧ ብላ ትፈነዳና ጎረቤት ታነቃለች። እንዲህም ሆኖ የብዙ አሜሪካዊ የመጀመሪያ ጥይት በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በዚህ መዶሻ ተሠርቷል።

በ1968 በአሜሪካ የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ሻጮች የጥይት ሽያጭን እንዲመዘግቡ አስገደደ፤ አብዛኛው ግዴታ በ1986 ተነሣ። በፌዴራል ሕግ ለራስ መሙላት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ መሙላት ግን ይጠይቃል። ጀርመን አገር ነገሩ ሌላ ነው፦ ኮርስ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ በፈንጂ ሕጉ መሠረት ፈቃድ ያልያዘ ሰው ባሩዱን መግዛትም አይችልም። የጀርመኑ አሠራር ይበልጥ ልክ ይመስለኛል፤ ቢያንስ ሁሉም ጀማሪ አንድ ጊዜ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ይቆማል።

በ1976 ጄፍ ኩፐር የሚባል ሰውና ጓደኞቹ በሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ተሰብስበው የተግባር ሽጉጥ ተኩስ ዓለም አቀፍ ማኅበርን መሠረቱ። ከዚያ በፊት የሽጉጥ ውድድር ማለት በአብዛኛው ቆሞ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ አንድ እጅ ዘርግቶ ክብ ዒላማ መምታት ነበር። አዲሱ ውድድር እየሮጡ፣ እያጎረሱ፣ በሰዓት እየተለካ ነው፤ የሚፈጀው ጥይት ብዛት ኪስ ያራቁታል። ደንቡ ደግሞ የጥይቱን ጉልበት ይለካል፦ የአረሩ ክብደት በፍጥነቱ ተባዝቶ ከተወሰነ ቁጥር በታች ከሆነ ተወዳዳሪው ይቀጣል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ከቁጥሩ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ፣ እጅ የማያንገራግጭ ጥይት ለራሱ መሙላት ተማረ። በሰዓት 50 ጥይት የሚሞላ ፕሬስ ለዚህ ሰው አይበቃውም። የአየር መንገድ አብራሪ የነበረው ማይክ ዲሎን በአሪዞና የሠራው ፕሬስ አራትና አምስት ቀለህ ባንድ ጊዜ እያዞረ፣ እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ያለቀ ጥይት ይጥላል። እንዲህ ያለ ማሽን ለፖሊስ መምሪያዎችና ለትልልቅ ክለቦች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ነበር፤ የዲሎን ድርሻ ወደ ግለሰቡ ጋራዥ ማስገባቱ ነው።

ጀማሪው ግን ዛሬም በቀስታው፣ ባለ አንድ ቦታው ፕሬስ ቢጀምር ይመከራል። በአንድ የ9 ሚሊሜትር ቀለህ ላይ የሚደርሰውን እንመልከት። ከተኩስ ሜዳ ተለቅሞ፣ በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ ሲንከባለል አድሮ ያብረቀርቃል። ስንጥቅ ያለበት ይጣላል። ካርባይድ ከሚባል ጠንካራ ነገር በተሠራ ቀለበት (ዳይ) ውስጥ ሲገባ በተኩሱ ያበጠው ወገቡ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ በዚያው ግፊት ዘንጉ አሮጌዋን ካፕሱል ገፍቶ ያወጣታል። (ከአውሮፓ የመጣ የበርዳን ቀለህ ሾልኮ ከገባ ዘንጉ የሚሰበረው እዚህ ነው፤ ከ1866 የተረፈ ዕዳ።) ቀጥሎ አፉ ጥቂት ይከፈታል። አዲሷ ካፕሱል ከግርጌው ገጽ በጥቂቱ ዝቅ ብላ እንድትቀመጥ በስሱ ትገፋለች፤ ጣት ሲዳስሳት ጎልታ መሰማት የለባትም። ባሩዱ በመመሪያው ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ይጀመርና በሚዛን ይመዘናል።

ከዚያ ሃምሳው ቀለህ በእንጨት ገበታ ላይ ቆሞ መብራት ይበራበታል፣ አንድ በአንድ ከላይ ይታያል። ከሌሎቹ ከፍ ያለ ካለ ሁለቴ ተሰፍሮበታል። ባዶ ካለ ደግሞ እሱም አደጋ ነው፦ ካፕሱሏ ብቻዋን አረሩን ገፍታ በርሜሉ መሐል ትተክለዋለች፤ ድምፁ ፍስ ይላል፤ ተኳሹ ሳያስተውል ቀጣዩን ከተኮሰ በርሜሉ ይሰነጠቃል። ሁሉም ልክ ሲሆን አረሩ ይቀመጣል፣ የተከፈተው አፍ መልሶ ይጠጋል። አጥብቆ መጭመቅ አያስፈልግም፤ ይህ ጥይት በርሜሉ ውስጥ የሚቆመው በቀለሁ አፍ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ነውና ጠርዙ ጨርሶ ከታጠፈ የሚቆምበት ያጣል። በመጨረሻ ከሽጉጡ የወጣ ባዶ በርሜል ውስጥ ይጣልና ቀጭ ብሎ ከገባ፣ ሲገለበጥም በራሱ ከወደቀ፣ አልቋል።

ትቆጥባለህ የሚለውን ወሬ ብዙ አላምንም። የ9 ሚሊሜትር ጥይት ከሱቅ ከሚገኙት ርካሾች አንዱ ስለሆነ ቀለሁን ዳግም መሙላት የሚያተርፈው ሳንቲም ነው፤ ያም ሳንቲም ተጨማሪ ጥይት ይሆንና ይተኮሳል። በ44 ማግነምና በ45 ኮልት ግን ልዩነቱ ይታያል።

ቁጠባው ትርጉም የሚያገኘው ሱቁ ባዶ ሲሆን ነው፤ ያኔ ደግሞ ካፕሱሏም አትገኝም። ከ2012ቱ የሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ የሕግ ለውጥ ይመጣል ብሎ የፈራው ሁሉ መደርደሪያውን ጠራርጎ ወሰደ፤ 2013 እንዲሁ አለፈ። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የባሰ ሆነ። በአሜሪካ ካፕሱል በብዛት የሚያመርቱት ስሞች አራት ናቸው፦ ሲሲአይ፣ ፌዴራል፣ ዊንቸስተርና ሬሚንግተን። ሬሚንግተን በዚያው ዓመት ከሰረ። ፋብሪካዎቹ ያመረቱትን ካፕሱል ቅድሚያ ለራሳቸው ሙሉ ጥይት ስላዋሉት ለቤት ሞይው የተረፈው ጥቂት ነበር። 1,000ው በ30 እና 40 ዶላር ይሸጥ የነበረ ካፕሱል ከ100 ዶላር አለፈ። ቀለህ በጆንያ፣ አረር በባልዲ፣ ባሩድ በጣሳ ያላቸው ሰዎች ፕሬሳቸውን ሸፍነው ተቀመጡ።

የሬሚንግተንን የጥይት ፋብሪካ ቪስታ አውትዶር የተባለው ኩባንያ ገዛው። ቪስታ ሲሲአይንም ፌዴራልንም ቀድሞ ይዞ ነበርና ከአራቱ ሦስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። በኅዳር 2024 ደግሞ ይህንኑ የጥይት ክፍሉን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለቼክ ሪፐብሊኩ ቼኮዝሎቫክ ግሩፕ ሸጠው። ዲክ ስፒር በ1951 የጀመረው የሉዊስተኑ የካፕሱል ፋብሪካ ሥራውን እንደቀጠለ ነው፤ ባለቤቱ ግን አሁን ያለው ፕራግ ነው።